እባብ የት ላይ ያልቃል

ጆሮ ከእናንተ፣ ቃል ከእኔ። የምነግራችሁ ነገር ከአንዲት ልጅ ትንሽ ፍላጎት ይነሳል። ትንሽነቱን አይታችሁ አትናቁት፤ ስንት በር እንዳንኳኳ ትሰማላችሁ።

በአንዲት ብርዳም የደጋ ከተማ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ እንጉዳይ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትማራለች። አገሯ ቆላ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት፣ ሙቀቱ ከመሬት የሚወጣ የሚመስል አገር። ዓይኗን የወሰደባት የሕፃንነት ኩፍኝ ነው፤ ብርሃን ምን እንደሚመስል አታስታውስም። እናቷን የወሰደባት ግን እባብ ነው።

ያን ቀን እናትና ልጅ የሰሊጥ ማሳ ውስጥ ነበሩ። እናት ታጭዳለች፤ ልጅ ነዶ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንጉዳይ መጀመሪያ የሰማችው «እባብ!» የሚለውን የእናቷን ድምፅ ነው። ቀጥሎ እናቷ እንዳትንቀሳቀስ ነገረቻት። እንጉዳይ አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ ዝም ካለች በኋላም አልተንቀሳቀሰችም። ፀሐይ ከአናቷ ወርዳ ጀርባዋን እስክትለቅ፣ ጎረቤቶች መጥተው ከተቀመጠችበት ብድግ እስኪያደርጓት ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ሰው እጇን ካልያዛት እንጉዳይ እግሯን አታነሳም። ከአልጋዋ እስከ መኝታ ቤቱ በር ስድስት እርምጃ ነው፤ ስድስቱን እርምጃ ብቻዋን ሄዳው አታውቅም። ሌሎቹ ልጆች ደወል ሲደወል ግድግዳውን በጣታቸው እየነኩ ግር ብለው ይወጣሉ፤ እሷ አንድ ሰው እስኪያስታውሳት ድረስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በትምህርቷ ሰነፍ አይደለችም። የብሬል ፊደልን ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ቀድማ በጣቷ የለየችው እሷ ናት። ነገር ግን ልጆቹ ሰባ፣ ሞግዚቶቹ ሁለት ናቸው። እጇን ይዞ የሚውል ሰው ከየት ይምጣ? በግንቦት መጀመሪያ ዳይሬክተሯ አስተማሪዋን ጠርተው፣ ልጅቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ በራሷ መሄድ ካልጀመረች ወደ አያቷ እንደምትመለስ እያዘኑ ነገሯት። አያቷ ባሉበት ቀበሌ ለእሷ የሚሆን ትምህርት ቤት የለም።

አስተማሪዋ አስካለ ትባላለች፤ ልጆቹ ቲቸር አስካለ ይሏታል። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ስትናገርም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። በትር ሰጥታ ሞክራለች፣ ከፊት ከፊት እየዘፈነች ሞክራለች፣ ጓደኛ መድባላት ሞክራለች። አንዱም አልሆነም። ያን ቀን ከዳይሬክተሯ ቢሮ ወጥታ እንጉዳይ አልጋ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ምን እንደምትፈራ ጠየቀቻት።

«እባቡን» አለች እንጉዳይ።

አስካለ እዚህ ብርድ አገር እንደዚያ ያለ እባብ እንደሌለ፣ ወለሉም ጠዋት ማታ እንደሚጠረግ ነገረቻት። ልጅቱ ሰምታ ስትጨርስ አንገቷን ነቀነቀች።

«ቲቸር፣ ድመት ዳስሻለሁ። ከጆሮዋ ትጀምራለች፣ ጭራዋ ላይ ታልቃለች። ወንበርም ያልቃል፣ ጠረጴዛም ያልቃል። እባብ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን አላውቅም። የት ላይ እንደሚያልቅ ስለማላውቅ ሁሉም ቦታ አለ።»

አስካለ ብርድ ልብሱን ወደ ልጅቱ ትከሻ ሳበችላት።

«አንድ ጊዜ ልዳስሰው» አለች እንጉዳይ። «ከራሱ እስከ ጭራው።»

ፍላጎቱ ይኸው ነበር። ከዚህ በላይ ምንም አልጠየቀችም።

በከተማዋ ዳር የእንስሳት ቤት ነበር። ኮንትሮባንዲስቶች ከሩቅ አገር በሻንጣና በማዳበሪያ ደብቀው ሲያሻግሯቸው የተያዙ፣ ወደ መጡበትም መመለስ ያልተቻለ እንስሳት እዚያ ይኖራሉ። አንድ ግራጫ በቀቀን፣ ሁለት ኤሊዎች፣ አንዲትም ዘንዶ። የሚጠብቋቸው ጋሽ ልየው ናቸው፤ እንስሳቱን ይዘው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ለልጆች ያስተምራሉ። በቀቀኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው በመንገድ ሲያልፉ ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል።

አስካለ ወደ ጋሽ ልየው ሄደች። የልጅቱን ነገር ስትነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው አዳመጡ። ዘንዶዋን አሳዩዋት። ጉንጉን ይሏታል፤ ስትፈራ ራሷን መሃል አድርጋ እንደ ኳስ ስለምትጠቀለል ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ጫካ የመጣች ናት፤ መርዝ የላትም፤ ርዝመቷም ከአንድ ሰው ክንድ ብዙም አያልፍም። ለእንጉዳይ ከእሷ የተሻለ አይገኝም ነበር። ጋሽ ልየው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉንጉን ከመጋቢት ጀምሮ አመም አድርጓታል። የታመመ እንስሳ ይዤ ልጆች ፊት አልቀርብም አሉ፤ ለልጆቹም አይበጅ፣ ለእሷም አይበጅ። ዶክተሯ ደህና ናት ብላ ከፈረመች ዛሬ ቢሉኝ ዛሬ አወጣታለሁ አሉ።

እንግዲህ፦ ዶክተሯ ካልፈረመች ጋሽ ልየው አያወጡም፤ ጋሽ ልየው ካላወጡ እንጉዳይ አትዳስስም፤ እንጉዳይ ካልዳሰሰች እግሯን አታነሳም።

አስካለ ወደ ዶክተሯ ሄደች። ዶክተር ሰሚራ የእንስሳት ሐኪም ናት። አስካለ ስትደርስ የአንድ ገበሬ በቅሎ ኮቴ እያጠበች ስለነበር ቆማ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወጋቻት። ዶክተሯ እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ቀስ ብላ መለሰችላት። ዘንዶዋን አይታታለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልበላችም። ሆዱ የታመመ እንስሳ ልጆች ከዳሰሱት በሽታው በእጃቸው ይከተላቸዋል፤ የተዳከመችም ዘንዶ በመንገድ ብርድ ትሞታለች። አንድ ጊዜ፣ ገና ሥራ ስትጀምር፣ ሰው ለማስደሰት ብላ ለአንዲት ጦጣ ፈርማ ነበር። ጦጣዋ ፈርታ የአንድ ሕፃን ጣት ነከሰች፤ ሕፃኑ ለሳምንታት በመርፌ ተሠቃየ፣ ጦጣዋም በዚያው ተገደለች። ዶክተሯ ይህን ስትናገር አስካለን ሳይሆን በቅሎዋን ነበር የምታየው። ዘንዶዋ አንድ ጊዜ በልታ፣ የበላችው ሆዷ ውስጥ ሲረጋ ካየሁ እፈርማለሁ አለች፤ ከዚያ በፊት ግን ማንም ቢለምነኝ አልፈርምም።

እንግዲህ፦ ዘንዶዋ ካልበላች ዶክተሯ አትፈርምም፤ ዶክተሯ ካልፈረመች ጋሽ ልየው አያወጡም፤ ጋሽ ልየው ካላወጡ እንጉዳይ አትዳስስም፤ እንጉዳይ ካልዳሰሰች እግሯን አታነሳም።

አስካለ ወደ ዘንዶዋ ተመለሰች። ዘንዶ አይለመን፣ አይመከር። ጋሽ ልየው አንዲት አይጥ በመቆንጠጫ ይዘው በመስታወት ሣጥኗ ውስጥ አቀረቡላት። ጉንጉን ምላሷን አንድ ጊዜ ብቅ አድርጋ ሽታውን ወሰደች፤ ከዚያ ራሷን ወደ መሃል ስባ ተጠቀለለች። ጋሽ ልየው አልተቆጡም። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ለአስካለ አስረዷት። እንዲህ ያለ ፍጥረት የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሙቀቱን ከውጭ ይበደራል። ሰውነቷ ቀዝቅዞ ሳለ ብትበላ ምግቡ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ይህን ስለምታውቅ ነው እምቢ ያለችው። ከሣጥኑ በላይ አንድ የማሞቂያ አምፖል ተሰቅሏል። አስካለ እጇን ዘርግታ ነካችው፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

አምፖሉንም መውቀስ አይቻልም። በመጋቢት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ዘንቦ፣ ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ሲንደው የመብራት ምሰሶውን አብሮ ወሰደው። የእንስሳት ቤቱ በዚያ መስመር ላይ የመጨረሻው ቤት ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቦ አልደረሰውም። ጋሽ ልየው በቀን አራት ጊዜ ውሃ እያፈሉ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞሉ፣ በገዛ ጋቢያቸው እየጠቀለሉ ከጎኗ ያስቀምጣሉ። እንዳትሞት በቅቷታል፤ እንድትበላ ግን አልበቃትም። የመብራት ባለሙያውን ይርዳውን እስኪሰለቸው ድረስ ለምነውታል፤ አንቺ ደግሞ ሞክሪው አሏት።

እንግዲህ፦ ሽቦው ካልመጣ አምፖሉ አይሞቅም፤ አምፖሉ ካልሞቀ ዘንዶዋ አትበላም፤ ዘንዶዋ ካልበላች ዶክተሯ አትፈርምም፤ ዶክተሯ ካልፈረመች ጋሽ ልየው አያወጡም፤ ጋሽ ልየው ካላወጡ እንጉዳይ አትዳስስም፤ እንጉዳይ ካልዳሰሰች እግሯን አታነሳም።

አስካለ ወደ ይርዳው ሄደች። ይርዳው መሰላል ላይ ነበር፤ ስለ ሽቦው ስትጠይቀው ስንት ሰው እንደጠየቀው ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ስለ ልጅቱ ስትነግረው ግን ወረደ። ሽቦው አለ፤ ጥቅልሉን አሳያት። አዲሱ ምሰሶም አለ፤ መንገድ ዳር ተጋድሟል። የጠፋው ምሰሶው የሚቆምበት መሬት ነው። በወንዙ በኩል ያለው አፈር አሁንም ይናዳል፤ በማዶ ያለው ድፍን ዓለት ነው፤ አይቆፈርም። የቀረው አንድ ቦታ የእማማ ባፈና ጓሮ ጥግ ነው። ሦስት ጊዜ ሄዶ ጠይቋቸዋል። ሁለት ጊዜ አይሆንም አሉት። በሦስተኛው ዝም ሲሉት የተስማሙ መስሎት መቆፈር ጀመረ፤ እማማ ባፈና መጥተው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ቆሙ። ይርዳው አካፋውን አንስቶ ወጣ። እናቴን የሚያህሉ ሰው ከመሬታቸው ላይ ገፍቼ ምሰሶ አላቆምም አለ፤ ይህን ሲልም አፍሮ ነበር።

እንግዲህ፦ ምሰሶው ካልቆመ ሽቦው አይመጣም፤ ሽቦው ካልመጣ አምፖሉ አይሞቅም፤ አምፖሉ ካልሞቀ ዘንዶዋ አትበላም፤ ዘንዶዋ ካልበላች ዶክተሯ አትፈርምም፤ ዶክተሯ ካልፈረመች ጋሽ ልየው አያወጡም፤ ጋሽ ልየው ካላወጡ እንጉዳይ አትዳስስም፤ እንጉዳይ ካልዳሰሰች እግሯን አታነሳም።

አስካለ ወደ እማማ ባፈና ሄደች። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ጓሯቸው ጎመንና ጌሾ ሞልቶታል። በሩን ገርበብ አድርገው፣ አንድ እጃቸውን መዝጊያው ላይ እንዳኖሩ አዳመጧት። አስካለ ምሰሶውን ነገረቻቸው፣ ሽቦውን ነገረቻቸው፣ አምፖሉን ነገረቻቸው። ዘንዶዋ ላይ ስትደርስ የእማማ ባፈና ፊት ተለወጠ። አስካለ አላቋረጠችም፤ ዶክተሯን ነገረቻቸው፣ ጋሽ ልየውን ነገረቻቸው፣ በመጨረሻም አንዲት ልጅ እባብ መዳሰስ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

እማማ ባፈና መዝጊያውን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

«ጌጡ የሚባል ልጅ ነበረኝ» አሉ። «ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ ወረደ። ጓደኞቹ ብርድ ልብሱን ይዘውልኝ መጡ። እባብ ነው አሉኝ። ሰባት ዓመት ሆነው። እንግዲህ የኔ ልጅ፣ እሱን ለበላ ፍጥረት እሳት የሚወስድ እንጨት እኔ ጓሮ ይተከል?»

አስካለ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ ዳገቱን ስትወጣ በየበሩ ስትደጋግመው የዋለችው ነገር ሳትፈልገው በአፏ መጣ፤ አሁን ግን ከላዩ አዲስ ተጨምሮበታል።

ጌጡ ካልተመለሰ እማማ ባፈና አይፈቅዱም፤ እማማ ባፈና ካልፈቀዱ ምሰሶው አይቆምም፤ ምሰሶው ካልቆመ ሽቦው አይመጣም፤ ሽቦው ካልመጣ አምፖሉ አይሞቅም፤ አምፖሉ ካልሞቀ ዘንዶዋ አትበላም፤ ዘንዶዋ ካልበላች ዶክተሯ አትፈርምም፤ ዶክተሯ ካልፈረመች ጋሽ ልየው አያወጡም፤ ጋሽ ልየው ካላወጡ እንጉዳይ አትዳስስም፤ እንጉዳይ ካልዳሰሰች እግሯን አታነሳም።

ጌጡ ደግሞ አይመለስም። በዚህ ዓለም ላይ ጌጡን የሚመልስ ማንም የለም።

አስካለ እንጉዳይን ልትዋሻት አልፈለገችም። ልብሷ እንደረጠበ መኝታ ቤቱ ገብታ፣ ነገሩ እንዳልሆነ፣ ለምን እንዳልሆነም ነገረቻት። ጋሽ ልየው ክፉ እንዳልሆኑ፣ ዶክተሯም ክፉ እንዳልሆነች፣ እማማ ባፈናም ክፉ እንዳልሆኑ፤ ልጃቸው ሰሊጥ ማሳ ውስጥ በእባብ እንደሞተባቸው።

እንጉዳይ ጉልበቷን አቅፋ ሰማች። ከዚያ ልጁ ሲሞት እናቱ አጠገቡ ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀች። አልነበሩም አለቻት አስካለ፤ በሰው አፍ ነው የሰሙት።

«እኔ ነበርኩ» አለች እንጉዳይ። «ይምጡና ልንገራቸው።»

«ምኑን ነው የምትነግሪያቸው?»

«እንዴት እንደሆነ።»

አስካለ በዚህ ነገር ሁለት ቀን ተጨነቀች። የሕፃን ሐዘን ይዤ ሄጄ ምሰሶ ማስተከያ አላደርገውም እያለች ራሷን ስትከራከር ቆየች። በሦስተኛው ቀን ግን ልጅቱ እንደገና ጠየቀቻት፤ ጥያቄዋም ስለ ዘንዶዋ አልነበረም፤ ሴትዮዋ ይመጣሉ ወይ የሚል ብቻ ነበር። አስካለ ሄዳ የእማማ ባፈናን በር አንኳኳች። ስለ ምሰሶ አንድም ቃል አላነሳችም። እናቷ በሰሊጥ ማሳ የሞተችባት አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ እንዳለች፣ እናቷ ስትሞት አጠገቧ እንደነበረች፣ እሳቸውንም ማነጋገር እንደምትፈልግ ነግራቸው ተመለሰች። እማማ ባፈና እሺም እምቢም አላሏት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። የታጠበ ነጠላ ለብሰዋል፤ የመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመው ዘበኛ ፊት እንደቆመ ሰው ስማቸውን ተናገሩ። አስካለ ወንበር አቀረበችላቸው፤ እሳቸው ግን ከልጅቱ ጎን አልጋው ላይ ተቀመጡ። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሱ ውስጥ ያለው ቃጭል ይሰማል።

እማማ ባፈና እናቷ ብዙ ተሠቃየች ወይ ብለው ጠየቁ።

«አንድ ጊዜ ጮኸች» አለች እንጉዳይ። «ከዚያ እንዳልንቀሳቀስ ነገረችኝ። ከዚያ ሰዎችን ተጣራች፤ ሰዎቹ ሩቅ ነበሩ። ከዚያ ስሜን ጠራችው። እንደዚህ፣ ቀስ ብላ። ሁለት ጊዜ። እኔም አቤት አልኳት። ከዚያ እንደተኛ ሰው ተነፈሰች፤ ከዚያ ደግሞ አልተነፈሰችም።»

«ስምሽን ጠራች?»

«ሁለት ጊዜ።»

እማማ ባፈና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሰባት ዓመት ሙሉ የጌጡን ጓደኞች ባገኙ ቁጥር ጠይቀዋል፤ ጓደኞቹ መሬት መሬት እያዩ አልተሠቃየም ይላሉ፣ ነገሩን ያስቀይራሉ። እንዴት እንደሆነ ያለ ፍርሃት የነገራቸው ሰው ይህች ልጅ የመጀመሪያዋ ናት። ብዙ አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያወጡ ነው ያለቀሱት። እንጉዳይ ግን ሰማቻቸው፤ እጇን ልካ ጉልበታቸው ላይ አኖረችው።

ሊሄዱ ሲነሱ አንድ ነገር ጠየቋት።

«ያንን ነገር ብትዳስሺው ምን ታገኛለሽ፣ ልጄ?»

«መጨረሻውን» አለች እንጉዳይ።

እማማ ባፈና ወጥተው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ይርዳው በመንገዱ ሲያልፍ የጓሯቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አየ። ጥጉ ላይ የነበረው ጎመን በሙሉ ተነቅሏል፤ ነቅለው፣ አፈሩን አራግፈው፣ በር ላይ ከምረውታል። ጉድጓዱም ተጠርጓል። እማማ ባፈና ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ምሰሶህን አምጣ አሉት።

እማማ ባፈና ሲፈቅዱ ምሰሶው ቆመ። ምሰሶው ሲቆም ሽቦው መጣ። ሽቦው ሲመጣ አምፖሉ ሞቀ። አምፖሉ ሲሞቅ ግን ዘንዶዋ ወዲያው አልበላችም፤ አካል እንደ ሽቦ አይቀጠልም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን አለፈ። ሰኔ ገባ። ዳይሬክተሯ ለአያትየዋ የሚላከውን ደብዳቤ ጽፈው ጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት። ጋሽ ልየው ከሣጥኑ አጠገብ አልተለዩም። ጉንጉን መጀመሪያ ጥቅልሏን ፈታች፤ ቀጥሎ ከአምፖሉ ሥር ተዘረጋች። በዘጠነኛው ቀን አይጧን አቀረቡላት፤ ምላሷን ብቅ አደረገች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ በላች።

ዘንዶዋ ስትበላ ዶክተሯ መጣች። ሳምንት ጠብቃ እንደገና መጣች፤ ሆዷን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች፣ አፏን ከፍታ አየች፣ መዘነቻት። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ዶክተሯ ስትፈርም ጋሽ ልየው ዘንዶዋን በጥጥ ከረጢት፣ ከረጢቱን በሣጥን፣ ሣጥኑን በሞቀ ውሃ ጠርሙስ መሃል አድርገው አወጡ።

ትምህርቱ ረፋድ ላይ በእነ እንጉዳይ ክፍል ሆነ። ስድስት ልጆች እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በግማሽ ክብ ተቀመጡ። ከስድስት በላይ አይሆንም ብለዋል ጋሽ ልየው፤ ዘንዶዋም ትደክማለች፣ እሷም ትፈራለች። ዘንዶዋን ከማውጣታቸው በፊት ብዙ ነገሯቸው። ይህች መርዝ የላትም፤ እኔ ስለማውቃት ነው የምትዳስሷት። ሜዳ ላይ ያለውን እባብ ግን ማንም አይነካም። ከሰማችሁ ባላችሁበት ቁሙ፣ መንገድ ስጡት፤ እሱም ከእናንተ መራቅ ነው የሚፈልገው። ካለፈ በኋላ ሂዱ። እንጉዳይ ይህን ስትሰማ ራሷን ዘንበል አደረገች፤ ካለፈ እንዴት እንደሚታወቅ ጠየቀች። ጋሽ ልየው ትንሽ አሰቡና፣ ሣሩ ዝም ሲል አሏት።

ከዚያ ከረጢቱን ፈቱ። አስካለ እንጉዳይን እጇን ይዛ አምጥታ ከፊታቸው አስቀምጣት ነበር። ልጅቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣብቃ ይዛለች። ጋሽ ልየው አላቻኮሏትም፤ እጇን አልጎተቱትም። ዘንዶዋን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ራሷን በመዳፋቸው ከልለው ጠበቁ። ሌሎቹ ልጆችም ጠበቁ። እንጉዳይ እጇን ዘረጋች፣ መለሰች፣ እንደገና ዘረጋች። ሁለት ጣቷ ከዘንዶዋ አንገት በታች አረፈ።

«ደረቅ ናት» አለች። እርጥብ ትመስላት ነበር።

ጣቶቿ ቀስ ብለው ሄዱ። ቆዳው እንደ ጥቃቅን ዶቃ ነው አለች፤ ከሥሩ የሚገፋ ነገር አለ አለች፤ ጋሽ ልየውም መተንፈሷ ነው አሏት። መሃሏ ላይ ስትደርስ ወፍራም ነበር፤ ሁለት እጇን አስፈለጋት። ከዚያ እየሳሳ ሄደ። የእጅ አንጓ ያህል ሆነ፣ የአውራ ጣት ያህል ሆነ፣ የትንሿ ጣት ያህል ሆነ። ከዚያ ጣቶቿ ባዶ አየር ላይ ወጡ። እዚያው አየሩ ላይ ቆሙ። እንጉዳይ ያላመነች ይመስል ወደ ዘንዶዋ አንገት ተመልሳ እንደገና ዳሰሰቻት፤ ደግማ እዚያው ቦታ ላይ ደረሰች።

ከበሩ በኩል የሰው ትንፋሽ ተሰማ። እማማ ባፈና መጥተዋል። ከደፉ አላለፉም፤ መቃኑን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ልየው ግቡ አሏቸው፤ አስካለም ወንበር ልታመጣ ተነሳች። እማማ ባፈና ተዉኝ፣ ከዚህ ይበቃኛል አሉ።

እንጉዳይ ድምፁን አወቀችው። ከተቀመጠችበት ተነሳች። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አስካለ እጇን ልትይዛት ብድግ አለች፤ ግን ልጅቱ እጇን አልዘረጋችላትም። አንድ እግሯን አነሳች፣ አኖረችው። ሌላውን አነሳች፣ አኖረችው። አስካለ እጇን ወደ ራሷ መለሰች። እንጉዳይ በወለሉ ላይ ብቻዋን ሄዳ፣ በሩ ጋ ደርሳ፣ በጣቶቿ ነጠላውን ፈልጋ አገኘች፤ ከነጠላው ሥር የእማማ ባፈናን እጅ ያዘች።

«ይምጡ እማማ» አለቻቸው። «አጭር ናት።»